ወረዳዋ በ22 ቀበሌ ተይዛለች

የተጣላሁት ከማላውቀው ሰው ጋር ነው። ያጣላን ደግሞ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ግን ጥርስ መሃል እንደቀረ ሥጋ ሆኖብኛል፤ ምላሴ አሁንም እዚያው ይሄዳል።

እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ተወለድኩባት ወረዳ አንድ ገጽ አለ። ገጽ ከተባለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ አዋሳኝ ወረዳዎች እነ እገሌ። አለቀ። ስለ ኢትዮጵያ ወረዳዎች የተጻፉትን ከፍቶ ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። አንዱን ያነበበ ብዙዎቹን አንብቧል።

አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ነበር፤ ኔትወርክም ነበር። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ዝም ብሎ መተኛት ግፍ ነው። ተቀምጬ ገጹን ሰው ማስመሰል ጀመርኩ። የዓርቡን ገበያ ጻፍኩ። ትምህርት ቤቱን ጻፍኩ። ከዚያ በአምስቱ የጠላት ዘመን ስማቸው የገነነ አንድ አርበኛ አሉን፤ ስለ እሳቸው ከአንድ የአማርኛ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አግኝቼ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩና ምንጩን ጠቅሼ አስገባሁ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ዘሮቻቸው አሉ። ይቺን ነገር ግን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መግቢያው ላይ ወረዳዋ 22 ቀበሌ እንዳላት መጻፍ ነበረብኝ። «ሃዝ» ብል ይበቃ ነበር። ግን «ሃዝ» የሦስተኛ ክፍል ቃል መሰለኝ። «ኢዝ ኮምፕራይዝድ ኦቭ» አልኩ። ኮት የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ሐረግ። አይቼው ደስ አለኝና ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ከረባቱ ተፈትቷል። አንድ ሰው ገብቶ «ኮምፖዝድ ኦቭ» («የተዋቀረች» እንደማለት) አድርጎታል። ለምን እንደቀየረው የምትጻፈው አጭር ማስታወሻ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሰዋስው»።

ምን አለበት ታዲያ? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለሌላ ሰው እንደዚያ ነበር የምለው። ነገር ግን እንግሊዝኛ ለእኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም። ፈተና ነው፣ ሥራ ነው፣ ቪዛ ነው። ፊደሉን በአርጩሜ የተማረ ሰው «ሰዋስው» የምትል ቃል ሲያይ መዳፉን ያሳክከዋል። ሰው ፊት ቀበቶው የተበጠሰበት ያህል ነው የተሰማኝ።

መለስኩት። እሱም መለሰው። እኔም መለስኩት። እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ላይ የሰውን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ የመለሰ ሰው ይታገዳል። ሁለቴ መልሻለሁ። ጣቴ ለሦስተኛው ተዘርግቶ ነበር። ተውኩትና ወደ ገጹ የውይይት ክፍል ሄጄ ረዥም ደብዳቤ ጻፍኩ። መዝገበ ቃላት ጠቀስኩ። ለነገሩ እውነቴን ነው፤ «ሜሪያም ዌብስተር» ይህን አገባብ ይመዘግበዋል፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንደነበረም ይናገራል። እዚያው ሥር ግን፣ ይህን የሚጠቀም ሰው ሊተች እንደሚችል ይወቅ ብሎ ያስጠነቅቃል። እሷን መስመር ዘለልኳት። ደብዳቤዬን የዘጋሁት በጥያቄ ነው። «ገብቶህ የለ? ከገባህ ታዲያ ችግሩ ምንድነው?»

በማግሥቱ ማታ መልስ መጣ። አጭር፣ ትሁት። ገብቶኛል፤ ግን እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት የሚል ነው።

ይይዛል ወይስ ተይዟል

ልሟገተው ብዬ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ያጠናሁት ግን ለእሱ ሆነ።

«ኮምፕራይዝ» ሥሩ ላቲን ነው፤ መጨበጥ፣ መያዝ ማለት። ሙሉው ክፍሎቹን ይይዛል። በአማርኛ ብናስበው እንዲህ ነው። «ቤቱ ሦስት ክፍል ይይዛል» ስትል ማንም አይሰናከልም። «ቤቱ በሦስት ክፍል ተይዟል» ካልክ ግን ሰሚው ማን ያዘው ብሎ ይጠይቅሃል። እኔ የጻፍኩት እንግዲህ፣ አጥብቆ ለያዘው ሰው፣ «ወረዳዋ በ22 ቀበሌ ተይዛለች» ነው። የጦር ግንባር ዜና።

እንግሊዞቹ ራሳቸው እንደዚህ ማለት ከጀመሩ ዘመናት አልፈዋል። የብዙ ሰው ጆሮ ለምዶታል። ግማሹ ይለዋል፣ ግማሹ ይጸየፈዋል። የሚጸየፉት መሃል ደግሞ አንድ የታወቀ ሰው አለ፤ የእኔ አራሚ ሌላ ነው። ይኼኛው ካሊፎርኒያ የሚኖር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዊኪፔዲያ ላይ ይቺን አንዲት ሐረግ ሲነቅል ኖሯል። በ2015 መጀመሪያ ታሪኩ ሲወጣ ወደ 47 ሺህ የሚጠጋ እርማት አድርጓል፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል በዚሁ ጉዳይ። ሐረጓን የሚያድንለት ፕሮግራም ጽፏል፤ እርማቱን ግን አንድ በአንድ በእጁ ነው የሚሠራው። ለምን እንደሚነቅላት የሚያስረዳ 6 ሺህ ቃል ያህል ጽሑፍ አለው። የዚህ የያዛችሁት ጽሑፍ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ስለ ሁለት ቃል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ቅናት ነገር ተሰማኝ። እኔ 47 ሺህ ጊዜ የደጋገምኩት ነገር ቢኖር «እሺ ነገ» ማለት ብቻ ነው።

ያረመኝን ሰው የሥራ ዝርዝርም ከፈትኩ። እዚያ ሁሉም ሰው የሠራው ይታያል። ያን ዕለት ጠዋት ብቻ የአንድ የብራዚል እግር ኳስ ቡድን፣ የአንድ የካናዳ ኦርኬስትራና የአንድ ጥንዚዛ ገጽ ላይ ይቺኑ አርሟል። የእኔ ወረዳ በኦርኬስትራውና በጥንዚዛው መሃል ናት። አያውቀኝም። ሐበሻ መሆኔንም፣ በአርጩሜ መማሬንም አያውቅም። ሰውየው አረም እየነቀለ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማሳው የእኔ ብቻ መስሎኝ ጦር ሰብቄ ወጣሁ።

የስምንት ዓመት እርጎ

እንዲህ ያለ ጠብ እዚያ ቤት ብርቅ አይደለም። እንዲያውም የእኔ የልጅ ነው። «ዮገርት» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ኤች» ይግባ አይግባ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 ተነታርከዋል። አሜሪካኖቹ አይግባ፣ ሌሎቹ ይግባ። ገጹ መጀመሪያ በየትኛው ተጻፈ? የቱ ይበዛል? ማን ቀየረው? ስምንት ዓመት። የእኛ እናቶች ይሄኔ ንጠው፣ ቅቤውን አውጥተው፣ አሬራውን ጠጥተውት ነበር። በ2011 ታኅሣሥ ኤቿ ወደቀች።

የአሉሚኒየሙ ግን ደስ ይላል። አሜሪካኖቹ አንድ ፊደል ቀንሰው ይጽፉታል። ድኝን ደግሞ እንግሊዞቹ በ«ፒኤች»፣ አሜሪካኖቹ በ«ኤፍ» ይጽፉ ነበር። የኬሚስቶቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር አሉሚኒየምን በእንግሊዞቹ፣ ድኝን በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ አጸደቀ። ዊኪፔዲያም በኬሚስትሪ ገጾቹ ይህንኑ ተቀበለ። ንጹሕ የአገር ሽማግሌ ፍርድ ነው፤ አንተ በሬውን ውሰድ፣ አንተ ላሟን፣ በሉ ተሳሳሙ።

ትልቁ ሕጋቸውም የሽማግሌ ነው። ገጹ ስለ እንግሊዝ ከሆነ በእንግሊዝ፣ ስለ አሜሪካ ከሆነ በአሜሪካ፣ ስለ ሕንድ ከሆነ በሕንድ እንግሊዝኛ ይጻፋል። የማንም ካልሆነ በተጀመረበት ይቀጥላል። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ስለ እኛስ ሲሆን? የእኛ እንግሊዝኛ የቱ ነው? አጻጻፋችን ከመማሪያ መጽሐፍ፣ አነጋገራችን ከፊልም፣ ድፍረታችን ከየትም። ጎረቤት ኬንያ በቋንቋው ተገዝታበት የራሷ አድርጋዋለች። እኛ አልተገዛንም፤ በፈቃዳችን ነው የምንፈራው።

መምህራኖች

ከሁሉም የከነከነኝ ግን ያቺ የእኔው ጥያቄ ናት። «ገብቶህ የለ?» የሆነ ቦታ ሰምቻታለሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ትዝ አለኝ።

የምሠራበት ቦታ ደብዳቤና ሪፖርት ያርማሉ ከሚባሉት አንዱ ነኝ። አንድ በሽታ አለብኝ፤ «መምህራኖች» የሚል ሳይ ደሜ ይፈላል። መምህራን ራሱ ብዙ ነው። በላዩ ላይ «ኦች» ስትጨምርበት ኮት ላይ ኮት ነው። «ካህናቶች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች»፤ አንዱንም አላልፍም። በቀይ እሰርዛለሁ። የቢሯችን ጸሐፊ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እናቴ ይሆናሉ። አንድ ቀን ያንኑ ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስመልስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ገብቶህ የለ?»

«ገብቶኛል፣ ግን...»

«ታዲያ ከገባህ ምን ሆንክ?»

ምንም አልመለስኩላቸውም ነበር። ከገባኝ ምን ሆንኩ? ምላሴ ላይ የነበረው መልስ ያ ፈረንጅ የጻፈልኝ ነው፤ ቆም ብዬ ደገምኩት። እኔ በአማርኛ እሱ ነኝ። በእንግሊዝኛ ሲደርስብኝ ግን የጸሐፊያችንን ልብስ ለብሼ እከራከራለሁ። የመዝገበ ቃላቱን ማስጠንቀቂያ እንደዘለልኩት ሁሉ፣ «መምህራኖች» ብለው የሚጽፉ የተማሩ ሰዎች መኖራቸውንም ስዘል ኖሬያለሁ።

(ሐመሩ «ሐ»፣ ሀሌታው «ሀ»፣ ብዙኀኑ «ኀ» የሚለውን ጠብ ዛሬ አላነሳም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ራሱን የሚጠራው «ውክፔዲያ» ብሎ ነው። ልብ በሉልኝ፣ አላረምኩትም።)

የአለቃ ዘመቻ

በዚያው ሰሞን ማታ ላይ ስልኬ ጮኸ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። የልጅ ልጃቸው ገጹን ስልኳ ላይ ከፍታ፣ እየተረጎመች አንብባላቸዋለች።

«ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?»

«ተመስገን። ይቺ ልጅ የጻፍከውን አነበበችልኝ። ጎሽ! አገርህን አስጠራህ።»

ደረቴ ተነፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ሐረግ ስከራከር «ጎሽ» ያለኝ አልነበረም።

«ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «አለቃ የዘመቱት መቼ ነው?»

«የትኛው አለቃ?»

«የአርበኛው አባት ናቸዋ! ልጅቷ ስታነበው ጫካ የገቡት አለቃ ናቸው። ምሽግ የሰበሩት አለቃ ናቸው። ቆስለው የተማረኩትም አለቃ ናቸው። አለቃ እኮ ድጓ አስተማሪ ነበሩ። ጠመንጃ አይደለም፣ ዱላ ጨብጠው ሰው ላይ አልሰነዘሩም። ልጃቸው ደግሞ መጀመሪያ ላይ አንዴ ተጠሩና ጠፉ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስልኩ በአንድ ጆሮዬ ነው። አርበኛውን መጀመሪያ በሙሉ ስማቸው ጠርቻቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ፣ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ እንደሚያደርገው፣ በመጨረሻው ስም ብቻ። የመጨረሻው ስም የአባትየው ነው። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጊዜ አለቃን ከማኅሌት አውጥቼ ጫካ አስገብቻቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። በአባት ስም...»

«እንግሊዞች አባትና ልጅ አይለዩም እንዴ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ከጀርባ የልጅቷ ሳቅ ይሰማኛል።

አንቀጹን ደግሜ አነበብኩት። ባለቤቱ ልክ፣ ግሱ ልክ፣ ጊዜው ልክ። «ዘ» የሚገባበት ቦታ ገብታለች። አንድ ቀይ መስመር የለበትም። ያረመኝ ሰው በዚያ ገጽ አልፏል፤ ከ«ኮምፕራይዝድ» በቀር ምንም አላስቆመውም። በምን ይቁም? እኔ ራሴ አልቆምኩም፤ ያደግሁበትን አገር ታሪክ እየጻፍኩ። ጸሐፊያችን «ገብቶህ የለ?» ሲሉኝ ልክ ነበሩ፤ መምህራኖች ሲባል አንድም ሰው መምህርን ገበሬ አያደርግም። እዚህ ግን ሁሉም ገብቶታል፤ የገባው ውሸቱ ነው። እኔ ያንን የጻፍኩት ደግሞ እንግሊዝኛዬ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ እንዲመስል ነው። ያችኑ ከረባት ለማሰር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው፤ ሦስት ሌሊት የእንግሊዞችን ድስት ሳማስል የእኛ ቤት አርሮ ተንጨረጨረ።

ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ይህን ተረት ሁልጊዜ ለቃላት ምርጫ ነበር የምጠቅሰው። ያን ማታ ግን ስለ አያያዙ ነው ያሰብኩት። ስም እንዴት ነው የሚያዘው?

የፈረንጅ ስፖርት ጋዜጠኛ «ገብረሥላሴ! ገብረሥላሴ!» እያለ ሲጮህ ሰምተን አድገናል። አትላንታ 1996 እና ሲድኒ 2000 ላይ 10,000 ሜትሩን የሮጠው ግን ኃይሌ ነው፤ አባቱ አልሮጡም። እኛ ሰምተን በሆዳችን እናርመዋለን። እኛ ብቻ ነን የምናርመው። ሰሚው ዓለም ሁሉ አባትየው እየሮጡ መስሎት ነው የሚያጨበጭበው ማለት ባይሆንም፣ ቤተሰቡ በሙሉ «ገብረሥላሴ» ይባላል ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ሌሊቱን ዘጠኙንም አወጣኋቸው። በምትካቸው የራሳቸውን ስም አስገባሁ። በማግሥቱ ሌላ ሰው ገብቶ ሁሉንም መለሰው። ማስታወሻው፣ «ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ሰው በቤተሰብ ስሙ ይጠራል» ይላል።

የድሮው እኔ ብሆን ተናድጄ እመልሰው ነበር። አሁን ግን አልተናደድኩም፤ ይገርማል። ስለ ሰዋስው ስከራከር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስለ አለቃ ስከራከር ግን ረጋ አልኩ። መዝገበ ቃላት አልጠቀስኩም። የቤተሰብ ስም የለንም ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሦስተኛው የአያት ነው። እርስዎ የመለሱት ጽሑፍ የዘመተው አባትየው ነው ይላል፤ አባትየው የዜማ መምህር ነበሩ። አይስላንዶችም እንደኛ ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ይህንኑ የዊኪፔዲያ የራሱ የአጻጻፍ መመሪያም ያውቀዋል። የኃይሌ ገጽ አናት ላይ በራሱ ስም ይጠራ የምትል ማስታወሻ ተለጥፋለች።

ሰውየው በሰዓታት ውስጥ መልሶ አስተካከለው። «አላወቅኩም ነበር፤ ይቅርታ» አለ። እንደዚህ ቀላል ነበር። ዘጠኙ ስሞች እስካሁን አልተነኩም።

ያቺን የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገርም ሄጄ አየኋት። «ኮምፖዝድ ኦቭ» ትላለች። የእሱም ደግሞ ከረባት አላት። ሁለቱንም አንስቼ «ሃዝ» አልኩ። ወረዳዋ 22 ቀበሌ አላት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከዚያ ከአረም ነቃዩ ሰው ምስጋና ደረሰኝ፤ ቁልፍ ተጭኖ የሚላክ ነገር ነው፤ ቃል የለውም።

ለጋሼ ደወልኩ።

«አለቃን መልሻቸዋለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ድጓቸው።»

«ጎሽ። አሁን ደግሞ ገበያውን አስተካክል። ዓርብ ነው ብለሃል፤ ወደ ሐሙስ ከዞረ ስንት ዓመቱ!»

«ጋሼ፣ ምንጭ ይጠይቁኛል።»

«ሐሙስ መጥተው ይዩ በላቸው።»